የዌልስ ገላ፣ የጃፓን ላባ፦ ሁለቱን የዝንብ አሠራር ወጎች በአንድ መንጠቆ ላይ ስለማዋሐድ

ሞርሳ ዳር (ካርዲፍ) ውይይቱን ከፈተ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ሰው ሠራሽ ዝንብ የምናስር አማርኛ ተናጋሪዎች ቁጥራችን ትንሽ ቢሆንም፣ በዚህ መድረክ የሚደረገው ውይይት ሁልጊዜ ቁም ነገር ስለማያጣ ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው የቆየሁትን ጉዳይ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። የማጠምደው በአብዛኛው በኡስክ ወንዝ የላይኛው ክፍልና ወደ እርሱ በሚገቡ ትንንሽ ጅረቶች ነው። እዚህ አገር ሲታሰር የኖረው የዌልስ ዝንብና በጃፓን ተራሮች የተወለደው ኬባሪ የተባለው ዝንብ በአንድ መንጠቆ ላይ ሲገናኙ እጅግ ጥሩ ማጥመጃ እንደሚወጣቸው አምናለሁ። ሆኖም ሁለቱን እናዋሕዳለን የሚሉ ብዙ ሰዎች ዓይናቸው ያረፈው በዕቃው ላይ ብቻ ነው። የጃፓን ሐር ገዝተው በዌልስ ዝንብ ላይ ይጠመጥማሉ፤ ወይም የእንግሊዝ ቆቅ ላባ አስረው ኬባሪ ይሉታል። በእኔ አመለካከት ከዌልስ የሚወሰደው ገላው ነው፣ ማለትም ቀለሙ፣ ውፍረቱና የሚያስመስለው ነፍሳት፤ ከጃፓን የሚወሰደው ደግሞ ላባው የሚቆምበት አቅጣጫና በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ነው።

ስለ ገላው ልጀምር። የዌልስ ዝንቦች የአገራቸውን ውኃ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ሥራ ናቸው። ኮኽ-አ-ቦንዲ የተባለውን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓሣ አጥማጆች ጽሑፎች ጀምሮ የሚታወቅና ከዌልስ አልፎ በመላው ብሪታኒያ የሚታሰር ነው። በመንጠቆው መታጠፊያ ላይ ሁለት ዙር ወርቃማ ጥብጣብ ይጠመጠማል፤ ቀጥሎ ከጣዎስ ጭራ ላባ የተነጩ ዘለላዎች ወፈር ያለ ገላ ይሆናሉ፤ ከፊት ደግሞ ሥሩና ጫፉ ጥቁር፣ መካከሉ ቀይ ቡናማ የሆነ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይዞራል። የሚያስመስለው ጢንዚዛ ነው። ይህች ጢንዚዛ በጁን ወር ሞቃት ቀናት ፈርን የተባለው ተክል በሸፈናቸው ኮረብታዎች ላይ በብዛት ትበርና ነፋስ ሲነሣ ውኃው ላይ ትወድቃለች። ራስዋና አንገትዋ አረንጓዴ ብልጭታ አለው፤ የክንፍዋ ሽፋን ቡናማ ነው። የጣዎሱ ዘለላ ብልጭታውን፣ ላባው ቡናማውን ይሰጣል።

ጢንዚዛ ይህን ያህል ዋጋ ያገኘበት ምክንያት በውኃው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በመካከለኛው ዌልስ ያሉ የደጋ ጅረቶች የሚፈሱት አሲድን የማርገብ ዐቅሙ ደካማ በሆነ ድንጋይና አፈር ላይ ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተተከሉት ሰፋፊ የጽድ ደኖችና የአሲድ ዝናብ ሲጨመሩበት በውኃው ውስጥ የሚራቡት ነፍሳት ይበልጥ አነሱ። እዚያ የሚኖረው ትራውት የተባለው ዓሣ ትንሽ ነው፤ ይራባል፤ ከዳር የሚወድቅለትን ሁሉ በንቃት ይጠብቃል። ይህን ገላ በሌላ መተካት አያስፈልግም፤ ዘመናት የፈተኑት ነው።

ወደ ጃፓን ስንሻገር ሁኔታው ሌላ ነው። ቴንካራ በሚባለው የተራራ አጠማመድ ገመድ የሚጠቀልል መሣሪያ የለም፤ ከ3.3 እስከ 4.5 ሜትር በሚደርስ ቀላል ዘንግ ጫፍ ላይ ገመዱ በቀጥታ ይታሰርና በመጨረሻው አንድ ዝንብ ብቻ ይንጠለጠላል። ቀደም ባለው ዘመን ይህን የሚሠሩት ኢዋናና ያማሜ የሚባሉትን የተራራ ዓሦች አጥምደው ለእንግዳ ማረፊያዎች የሚሸጡ ባለሙያዎች ስለነበሩ፣ ዝንቡ በፍጥነት የሚታሰርና ቶሎ የማይበላሽ መሆን ነበረበት። ከኬባሪ ዓይነቶች ውስጥ ዛሬ በውጭው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው ሳካሳ የሚባለው ነው። የዚህ ዝንብ ላባ እንደ እኛዎቹ ወደ መታጠፊያው አይተኛም፤ ወደ ፊት፣ ወደ መንጠቆው ቀዳዳ አጋድሎ ይከፈታል። አጥማጁ የዘንጉን ጫፍ በቀስታ ሲነካካ ውኃው የላባውን ጸጉር ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሲያቆም ጸጉሩ በራሱ ኃይል ወደ ፊት ይመለሳል። ዝንቡ የሚተነፍስ ይመስላል። ከዚህም በላይ ወደ ፊት የተከፈተው ላባ ውኃውን ስለሚይዝ ዝንቡ ከጅረቱ ጋር ይሄዳል እንጂ በገመዱ አይጎተትም።

እንግዲህ እኔ የማስረው እንደሚከተለው ነው። ቁጥር 12 መንጠቆ በሞርሳው ላይ አጠብቅና ሰም የነካ ጥቁር የሐር ክር ከቀዳዳው ጀርባ እጀምራለሁ። ላባው ከሁሉ በፊት ይታሰራል፤ ጎድጓዳው ፊቱ ወደ ቀዳዳው እንዲያይ አድርጌ በአገዳው አስረውና ሦስት ጊዜ አዞረዋለሁ። ከዚያ ክሩን በላባው መካከል አሳልፌ ወደ ኋላ እወስድና ጸጉሩን በሁለት ጣቴ ወደ ፊት እየገፋሁ ከሥሩ በጥቂት ጥብቅ ዙሮች እደግፈዋለሁ። የኮኽ-አ-ቦንዲ ላባ ሥሩ ጥቁር በመሆኑ ወደ ፊት ሲከፈት ከጀርባ በኩል ጥርት ያለ ጥቁር ቀለበት ይሠራል፤ ላባው እንደ ወትሮው ወደ ኋላ ሲተኛ ይህ ቀለበት በጸጉሩ ተሸፍኖ አይታይም። ቀጥሎ ክሩ እስከ መታጠፊያው ይሄዳል፤ ወርቃማው ጥብጣብ ሁለት ዙር ይጠመጠማል፤ ሦስት የጣዎስ ዘለላዎች ከክሩ ጋር ተገምደው ወደ ፊት ይመጣሉ። የጣዎስ ዘለላ በዓሣ ጥርስ ቶሎ ስለሚበጠስ ሳይገመድ መጠምጠም አይገባም። መጨረሻው ቋጠሮ ከላባው ጀርባ ይሆናል።

ስለዚህ አሠራር ያላችሁን አስተያየት፣ በተለይም የላባውን ጥንካሬ በተመለከተ፣ ለመስማት እጓጓለሁ።

ሐርና ላባ (ናጋኖ) መለሰች፦

ወንድሜ ሞርሳ ዳር፣ ይህን ጉዳይ ስላነሡት ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ናጋኖ ውስጥ ስለምንኖር የተራራ ጅረቶቹ ሩቅ አይደሉም፤ ኬባሪ ማሰርም የተማርሁት ከባለቤቴ ቤተሰብ ነው። በዋናው ሐሳብዎ እስማማለሁ፤ የላባውን ጥንካሬ በተመለከተ ግን ገና የሚጨመር ነገር አለ።

ኬባሪ አንድ ዓይነት አለመሆኑን አንባቢዎች እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ላባው ወደ ፊት የሚያጋድልበት አለ፤ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት አለ፤ እንደ አውሮፓው ወደ ኋላ የሚተኛበትም አለ። በናጋኖና በኒጋታ ድንበር ላይ ያለው የአኪያማጎ አካባቢ አንድ ዓይነት ያስራል፤ በጊፉ ያለችው ታካያማ ሌላ ታስራለች። ብዙ ሰው የሚያደንቃቸው የቴንካራ አጥማጅ ሂሳኦ ኢሺጋኪ ደግሞ ገላው ከክር ብቻ የሆነ፣ ላባው ጠንካራ የአውራ ዶሮ የሆነ እጅግ ቀላል ኬባሪ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ አሜሪካ ካትስኪል ተጋብዘው ያሳዩት ይህንኑ ነበር፤ በምዕራቡ ዓለም ቴንካራ መስፋፋት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

የላባው ጥንካሬ የሚመረጠው በውኃው ፍጥነት ነው። የቆቅ ላባ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ፈጣን ጅረት ላይ ወደ ፊት ቢታሰርም ውኃው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አጥፎት ገላው ላይ ያጣብቀዋል፤ አጥማጁ ዘንጉን ቢነካካም አይመለስም። ያን ጊዜ ሳካሳ መሆኑ ትርጉም ያጣል። ፌዛንት የተባለችው ወፍ የሴቷ ላባ መካከለኛ ነው፤ ኃይል ባለው ውኃ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይመለሳልም። የአውራ ዶሮ ላባ ከድንጋይ ድንጋይ በሚዘል ነጭ ውኃ ውስጥ ተመራጭ ነው፤ በተረጋጋ ውኃ ላይ ግን ደርቆ ይቆማል፤ ሕይወት የለውም። ስለዚህ እርስዎ ለኡስክ ጅረቶች የአውራ ዶሮ መምረጥዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ጅረቱ ወደ ጥልቅ ኩሬ በሚገባበት ቦታ ሌላ ላባ ያለው ዝንብ በኪስዎ ቢኖር መልካም ነው። ላባውን ከማሰርዎ በፊት ጫፉን በከንፈርዎ ይንኩት፤ ጣት የማይለየውን ጥንካሬ ከንፈር ይለየዋል።

በነገራችን ላይ ስለ ጃፓን የተራራ ዝንብ አጠማመድ ከሚጠቀሱት ቀደምት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱን የተወልን እንግሊዛዊ ነው። ዲፕሎማቱ ኧርነስት ሳቶው እ.ኤ.አ. በ1878 በታቴያማ ተራሮች አካባቢ ሲጓዝ የአገሬው አጥማጆች ኢዋናን በሰው ሠራሽ ዝንብ እንደሚይዙ በማስታወሻው አስፍሯል።

ዘመነ ወንዝ (ለንደን) መለሰ፦

ሁለታችሁም የጻፋችሁትን በጥንቃቄ አነበብሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዌልስ ወንዞች፣ በተለይም በቴይፊ ላይ ነውና ተቃውሞዬን በግልጽ ባቀርብ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

የመጀመሪያው ተቃውሞዬ የዌልስ ዝንብ እንቅስቃሴ የጎደለው አለመሆኑ ነው። ለስላሳ ላባ ያለው ዝንብ ወደ ማዶ ተወርውሮ ጅረቱ ወደ ታች እየጠረገ ሲወስደው ውኃው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል፤ አጥማጁ ዘንጉን መነካካት አያስፈልገውም። ላባው ወደ ኋላ የሚተኛበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ በተወጠረ ገመድ ላይ ከጅረቱ ኃይል ጋር የሚታገል ዝንብ ቀጭንና ወደ ኋላ የተኛ መሆን አለበት። ይህን ላባ ብትገለብጡት ከአጠማመዱ ጋር ያለውን ስምምነት ታፈርሳላችሁ።

ሁለተኛው፣ እኛ በአንድ ገመድ ላይ ሦስት ዝንብ የማሰር ልማድ አለን። አንዱ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ ከእርሱ በላይ በአጫጭር ቅርንጫፍ ክሮች ላይ ይሆናሉ። ወደ ፊት የተከፈተ ላባ በመካከላቸው ቢገባ ውኃ እየያዘ ሌሎቹን ያስቸግራል።

ሦስተኛው የዘንጉ ጉዳይ ነው። በታይዊና በቴይፊ የታችኛው ክፍል በበጋ ሌሊት የሚጠመደው የባሕር ትራውት አንዴ ከተያዘ በጨለማ ውስጥ ረጅም ርቀት ይሮጣል። ገመዱ በዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ አጥማጅ ይህን ዓሣ ሊያቆመው አይችልም፤ ክሩ ይበጠስና መንጠቆው በዓሣው አፍ ውስጥ ይቀራል። ይህ ለዓሣው ክፉ ነገር ነውና በዝምታ ላልፈው አልችልም።

ሞርሳ ዳር (ካርዲፍ) መለሰ፦

ጋሽ ዘመነ፣ ተቃውሞዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ከሦስተኛው ልጀምር። ስለ ባሕር ትራውት ያሉትን ያለ አንዳች ማመንታት እደግፋለሁ። እኔ የምናገረው አንድ ሰው በጥቂት እርምጃ ሊሻገራቸው ስለሚችላቸውና በአብዛኛው ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ ትራውት ስለሚኖርባቸው ጅረቶች ነው። በሰፊ ወንዝና በትልቅ ዓሣ ላይ የቴንካራ ዘንግ ቦታ የለውም።

ስለ መጀመሪያው ተቃውሞዎ ግን ልከራከር። ዝንቡን ወደ ማዶ ወርውሮ ጅረቱ እንዲጠርገው ማድረግ ስፋት ይፈልጋል። በጠባብ ጅረት ላይ አጥማጁ ወደ ላይ እያየ፣ ከዓሣው ጀርባ ሆኖ፣ ዝንቡን ከድንጋይ በስተኋላ ባለች የምግብ ሳህን በማታክል ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ማሳረፍ አለበት። ዝንቡ እዚያ የሚቆየው ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው። ገመዱ ስላልተወጠረ ወደ ኋላ የተኛው ላባ በዚያች ጊዜ ውስጥ አንዳች እንቅስቃሴ አያሳይም፤ ወደ ፊት የተከፈተው ግን በትንሽ የዘንግ ንክኪ ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ከቦታውም ብዙ አይነቃነቅም። ስለዚህ ላባው የተገለበጠው አጠማመዱ ስለተገለበጠ ነው። እርስዎ እንዳሉት ላባና አጠማመድ መስማማት አለባቸው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ስለ ሦስቱ ዝንቦች ያነሡት ነጥብ እጅግ ጠቃሚ ነው። በወንዝ ላይ ወደ ፊት የተከፈተ ላባ ያለው ዝንብ ከታከለ ቦታው ጫፍ ላይ መሆን አለበት፤ ውኃውን ስለሚይዝ ገመዱን ቀጥ አድርጎ ያቆየዋል፣ ከላይ ያሉትም ሁለቱ በነፃነት ይንሳፈፋሉ። በሐይቅ ላይ ግን ከላይኛው ቅርንጫፍ ክር ላይ ባስረው እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በሐይቅ ላይ የላይኛው ዝንብ ሥራ የውኃውን ገጽ እየቧጨረ ዓሣን መጥራት ነው፤ ሰፊ ሆኖ የተከፈተ ላባ ለዚህ ይመቻል።

ደግሞም ሁለቱ ወጎች የሚመስሉንን ያህል አይራራቁም። በብሪታኒያም ሆነ በጃፓን የጥንቱ ገመድ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነበር፤ በሁለቱም አገር መንጠቆው ቀዳዳ አልነበረውም። ከፌዛንትና ከአውራ ዶሮ ላባ ጋር የጣዎስ ዘለላም በሁለቱም አሣሪዎች ዘንድ ይገኛል። በፍጥነት በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ዳር የሚኖር ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ ይዞ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲገጥመው ተቀራራቢ መልስ ማግኘቱ አያስገርምም።

ወርቀ ዘቦ (ስቶክሆልም) መለሰች፦

እኔ ዓሣ ከማጥመድ ይልቅ በእጅ ሥራው የምሳብ ነኝና ከዚያ በኩል ልግባ። ስለ ጃፓን ዝንብ ሲነገር የተራራው ኬባሪ ብቻ መጠቀሱ ያሳዝነኛል። አዩ የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ለማጥመድ የሚሠራው ኬባሪ በጥራት ከዓለም የእጅ ሥራዎች ጋር የሚሰለፍ ነው። በካናዛዋ ካጋ ኬባሪ ይሠራል፤ ሜቦሶ የተባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1575 በመርፌ ሥራ ጀምሮ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በሂዮጎ ግዛት ኒሺዋኪ ከተማ የሚሠራው ባንሹ ኬባሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 በመንግሥት ደረጃ የባህላዊ ዕደ ጥበብ ዕውቅና አግኝቷል። በእነዚህ ዝንቦች ራስ ላይ በላክ (በሚያብረቀርቅ የዛፍ ሙጫ ቅብ) የተሠራች ትንሽ ክብ ጉብታ ትኖራለች፤ በላይዋም የወርቅ ቅጠል ይለጠፋል። መንጠቆው ከሩዝ ፍሬ ብዙ አይበልጥም፤ በዚያ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ላባዎች በየተራ ይጠመጠማሉ።

ሞርሳ ዳር ስለ ኮኽ-አ-ቦንዲ ወርቃማ ጥብጣብ ሲጽፉ ወዲያው የታየኝ ይህ ነው። የዌልስ አሣሪ ወርቁን ከኋላ አኖረው፤ የካናዛዋ አሣሪ ከፊት አኖረው። ሁለቱን ወጎች ለማዋሐድ ሌላ መንገድ ቢኖር ይህ ይመስለኛል፦ የጣዎስ ገላውን እንዳለ ትቶ ወርቁን ከላባው ፊት ለፊት ማምጣት። ላባው ወደ ፊት ሲከፈት ወርቁን ይከብበዋል፤ ሲታጠፍ ወርቁ ይገለጣል። ብልጭታው ከእንቅስቃሴው ጋር አብሮ ይመጣና ይሄዳል። እንዲህ አድርጌ ያሰርኋቸው በዴስክ መብራት ሥር ልቤን ደስ አሰኝተውታል። በውኃ ውስጥ ስላላቸው ዋጋ የምታጠምዱት ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ቀዳዳ በሌለው መንጠቆ ላይ ከሐር ክር የተሠራ ቀለበት ማሰር የድሮው ልማድ ነው። አሁንም ይህን ማድረግ ተገቢ ነውን?

ሐርና ላባ (ናጋኖ) መለሰች፦

እኅቴ ወርቀ ዘቦ፣ ስለ ወርቁ ያቀረቡት ሐሳብ በጣም አስደሰተኝ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር፦ በጠራ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ፊት ለፊት ያለ ወርቅ ዓሣን ሊያስበረግግ ስለሚችል፣ ዝናብ ዘንቦ ውኃው ትንሽ በደፈረሰ ቀን ቢሞከር የተሻለ ነው።

የሐር ቀለበቱን በተመለከተ፣ ይቻላል፤ መልኩም ያምራል። ሦስት ክር ተገምዶ፣ ሰም ተቀብቶ፣ በመንጠቆው ቀጥ ያለ ክፍል ላይ ከግማሽ በላይ ርዝመቱ ታስሮ በቫርኒሽ መጠናከር አለበት። ከሐር ቀለበት ጋር የተቋጠረ ክር ዝንቡን ጸጥ ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ የብረት ቀዳዳ ያለው መንጠቆ ያን ያህል አይለሰልስም። ነገር ግን ሐር በእርጥበት ይበሰብሳል። ካጠመዱ በኋላ ዝንቡ ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ ከገባ በሚቀጥለው ጊዜ ቀለበቱ ሊበጠስ ይችላልና ሁልጊዜ በጣት ጎትቶ መፈተሽ ያስፈልጋል። ለዓሣው ደኅንነት ሲባል ደግሞ ወደ ኋላ የተመለሰ እሾህ የሌለውን መንጠቆ መምረጥ ይገባል፤ እሾህ ካለው በፒንሳ መጨፍለቅ ቀላል ነው።

ሮቤ ባሌ (ሮቤ) ጠየቀ፦

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ከሩቅ ሆኜ ስከታተላችሁ ቆይቼ ዛሬ ለመጻፍ ደፈርሁ። በእኛ በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ትራውት እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዘሩ ከኬንያ የመጣ ነው። እንግዶች ይዘዋቸው የሚመጡትን ዝንቦች አይቼ እኔም ማሰር ጀምሬያለሁ። ችግሬ ዕቃ ነው። የጣዎስ ዘለላ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በትንሹ አገኛለሁ፤ የተባለውን የዌልስ ዶሮ ላባ ግን ከየት አገኛለሁ? ውኃችን ቀዝቃዛ ነው፤ ዳሩ ሣርማ ነው፤ ጢንዚዛም አይጠፋበትም።

ሞርሳ ዳር (ካርዲፍ) መለሰ፦

ወንድሜ ሮቤ ባሌ፣ በመጻፍዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ላባውን ከዌልስ ማስመጣት አያስፈልግዎትም። ከአገራችን ቀይ አውራ ዶሮዎች መካከል የአንገት ላባቸው መካከሉ ጥቁር፣ ዳሩ ቀይ የሆኑ አይጠፉም። በዓል ሲደርስ ዶሮው ከመገንጠሉ በፊት የአንገቱን ቆዳ ከነላባው እንዲያስቀሩልዎት ይጠይቁ፤ ሥጋና ስቡን በደንብ ፍቀው፣ ጨው ነስንሰው በጥላ ያድርቁት። ያረጀ አውራ ዶሮ ላባው ጠንካራ ነው፤ የሴት ዶሮ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ሐርና ላባ በውኃው ፍጥነት እንድንመርጥ የነገሩንን ከአንድ መንደር ዶሮዎች ብቻ ማሟላት ይችላሉ። ገብስማ አውራ ዶሮ ካገኙም ላባውን አይጣሉት፤ በጥቁር ገላ ላይ ሲዞር ጸጉሩ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ሲንቀሳቀስ ሕይወት ያለው ይመስላል። የጣዎስ ዘለላ ሲያልቅ ጥቁር የበግ ጠጉር በሰም ክር ላይ ፈትለው ወፈር ያለ ገላ መሥራት ይቻላል፤ የዌልስ አሣሪዎችም የበግ ጠጉር የማያውቁ አይደሉም። ከፓርኩ ክልል ውስጥ ለማጥመድ ግን አስቀድመው ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።

ሐርና ላባ (ናጋኖ) ጨመረች፦

ስለ ጠጉር ከተነሣ አንድ ዕቃ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በጃፓን ተራሮች ዜንማይ የሚባለው ፈርን በጸደይ ከመሬት ሲወጣ የተጠቀለለው ቡቃያው ቡናማ ጥጥ በመሰለ ጠጉር ተሸፍኖ ነው። ሰዎች ቡቃያውን ለምግብ ሲለቅሙ ጠጉሩን ያስወግዱታል፤ የዝንብ አሣሪዎች ይህን የተጣለ ጠጉር አድርቀው ለገላ ይጠቀሙበታል። ቀለሙ ሞቅ ያለ ቡናማ ሆኖ በሐር ክር ላይ በቀላሉ ይፈተላል።

ይህን የማነሣው የዜንማይ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሮያል ፈርን በዌልስ ረግረጋማ ቦታዎች ስለሚበቅል ነው። እርሱም በጸደይ ቡቃያው ላይ ተመሳሳይ ጠጉር አለው። ስለዚህ በዌልስ የሚኖር አሣሪ የጃፓኑን ገላ በዌልስ ምድር በበቀለ ዕቃ ሊሠራ ይችላል። ይህ የሁለቱ ወጎች ውሕደት ከሁሉ የበለጠ ልቤን ይነካዋል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ይህ ፈርን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአትክልት ቦታ ጌጥ እየተነቀለ ብዙ ስለተጎዳ ጠጉሩን ከጥቂት ቡቃያዎች በጣት ጫፍ ብቻ መውሰድ እንጂ ተክሉን መንካት አይገባም። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ጥበቃ ሕግም ማንኛውንም የዱር ተክል ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ መንቀል ይከለክላል።

ዘመነ ወንዝ (ለንደን) መለሰ፦

ሞርሳ ዳር በጠባብ ጅረት ላይ ስለሚደረገው አጠማመድ የሰጡት ማብራሪያ አሳምኖኛል፤ አጠማመዱ ከተገለበጠ ላባውም መገልበጡ ምክንያት አለው። በሰፊ ወንዝ ላይ ግን ወደ ኋላ የተኛውን ለስላሳ ላባ አልለቅም፤ በዚህ እንደተለያየን እንቆይ። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ልሞክረው አስቤአለሁ። የቴይፊ ወንዝ ከትሬጋሮን ከተማ በላይ በረግረጉ መካከል እየተጠማዘዘ በጣም በዝግታ ይሄዳል። ውኃው እንደ ሻይ የጠቆረ ነው። የተወረወረ ዝንብ እዚያ የሚጠርገው ጅረት አያገኝም፤ ለስላሳ ላባም ቢሆን ዝም ብሎ ይሰጥማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ሐርና ላባ ምን ትመክሪኛለሽ?

ሐርና ላባ (ናጋኖ) መለሰች፦

ጋሽ ዘመነ፣ ለዚያ ውኃ የአውራ ዶሮ ላባ ፈጽሞ አይሁን። የቆቅ ወይም የሴት ፌዛንት ላባ ይምረጡ፤ ወደ ፊት እንዲከፈት አድርገው ሁለት ዙር ብቻ ያዙሩት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በቀስታ ውኃ ውስጥ ተጣብቆ እንደ ጥቅጥቅ ኳስ ይሆናል። የጸጉሩ ርዝመት ከመንጠቆው ስፋት ሁለት ጊዜ ያህል ይሁን፤ ረጅም ጸጉር በትንሽ ኃይል ይነቃነቃል። ውኃው ጥቁር ስለሆነ የጣዎሱን ገላ እንዳለ ይተዉት፤ ወርቃማውን ጥብጣብ ደግሞ ከሁለት ዙር ወደ ሦስት ያሳድጉት። ዝንቡ ካረፈ በኋላ እስኪሰጥም ይታገሡ፤ ከዚያም የዘንጉን ጫፍ የእጅ ስፋት ያህል ብቻ ቀስ ብለው ያንሡና ገመዱ ሳይላላ ወደ ቦታው ይመልሱት። ዓሣው የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዝንቡ ተመልሶ ሲወርድ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ዓይንዎ ገመዱ ወደ ውኃው በሚገባበት ነጥብ ላይ ይሁን።